እትዬ ሐሊጃ ያላመኑት ይቅርታ

«ወይዘሮ ሐሊጃ የያዟቸው ጉዳዮች ከጡረታቸው በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ ይታያሉ።»

ይህን ቃል በቃል የወሰድኩት ከዛሬው የሽኝት ግብዣ ጥሪ ግርጌ ነው። የፈረሙት የጥብቅና ቢሮአችን ኃላፊ አቶ ራዝላን ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን አልወደድኩትም፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እትዬ ሐሊጃ፣ ተዛውረው እዚህ ኢፖ ከተማ የመጡ ዕለት ሻይ ቀድቼ ሰጠሁዎ። ስኒውን ሳይነኩ ቀና ብለው አዩኝና «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። «ምንም፤ እንግዳ ስለሆኑ ነው» ብልዎ «ምንም የማይፈልግ ጠበቃ እስካሁን አላጋጠመኝም» አሉ። ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ።

ዛሬም አልተሻልዎትም። ቅድም ኬኩን ሳይቀምሱ ማን እንደገዛው ሲያጣሩ ሰምቻለሁ።

በወሊድ ላይ ልጃቸው የተጎዳባቸው ወላጆች ሲመጡ እኛ እናጽናናለን፤ እርስዎ ይጠይቃሉ። አንዱ አባት «ዶክተሩ እንኳ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ራሱ ዶክተሩ።»

ሰውዬው የተናገረውን የሰማው ያኔ ነው።

ያ አባት የኢርፋን አባት ነው። ኢርፋን ሲወለድ አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎዳ፤ ይኸው ስድስት ዓመቱ፣ ሳይደግፉት አይቀመጥም። ክሱ እንደተጀመረ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በኢድ ቀን ቴምር ይዞ ቤታቸው ሄደ። የኢርፋንን አያት እጅ ስሞ፣ ሁላችንም በዓሉ ላይ እንደምንለው «ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር በሉኝ» አላቸው። በኢድ ማን እንቢ ይላል? «ይቅር ብለናል» አሉት። ከኢድ በኋላ ለድርድር ስንቀመጥ ጠበቃቸው ፈገግ ብሎ «ቤተሰቡ ይቅር ብሏል፤ ታዲያ ምን ቀረ?» አለን። እኔ በንዴት ልጮህበት ብድግ አልኩ። እርስዎ ግን ረጋ ብለው ጠየቁት።

«አንተስ በዚያ ኢድ አማትህን ይቅርታ ጠይቀሃል?»

«እንዴታ።»

«ምን በድለሃቸው?»

«ኧረ ምንም። ልማድ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው የሥራ አስኪያጁም ልማድ ከሆነ ይቅር የተባለ ነገር የለም። ከልቡ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን አምኗል። የትኛውን እንጻፍ?»

ሰውዬው ውሃ ጠየቀ።

እትዬ ሐሊጃ፣ እኔ በቁጣ የማበላሸውን እርስዎ በጥርጣሬ አድነዋል። የኢርፋን እናት «ያመነችን እሷ ብቻ ናት» ብላኛለች። ማንንም ለማያምኑት ለእርስዎ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናመሰግናለን።

አሁን ጥርጣሬው ለእኔ ቀርቷል። የኢርፋን ጉዳይ በሴፕቴምበር ፍርድ ቤት ይሰማል። በር ላይ ያለውን ትልቁን የአበባ ቅርጫት የላኩት የሆስፒታሉ ጠበቆች ናቸው። የምንሸኘው የማንን ሰው ነው? እነሱስ ምን አስደሰታቸው? «እንደ አስፈላጊነቱ» ሲባል የሚያስፈልገው ለማን ነው? አቶ ራዝላን፣ አይቆጡ፤ እንዲህ መጠየቅ ያስተማሩኝ እትዬ ሐሊጃ ናቸው።

ብርጭቆአችሁን አንሱ፤ የጽጌረዳ ሽሮፕም ቢሆን ለእትዬ ሐሊጃ ይበቃል። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። የልጅ ልጆችዎ ሲስሙዎት ለምን ብለው አይጠይቁ፤ እነሱን እንኳ ይመኑ። ለእርስዎ!

ጠጣችሁ? ጥሩ። አቶ ራዝላን፣ የኢርፋንን ጉዳይ ማን እንደሚይዝ፣ በስም ተጠቅሶና ተፈርሞበት፣ እስከ ሐሙስ ጁላይ 14 በጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ።