አስፋልት ላይ የሚጮኸው ጎማ

ጎማ ሻጩ፣ "እህቴ፣ ያንቺ መንገድ አስፋልት ነው። ይሄ ጥርሱ የገዘፈው ለጭቃ ነው፤ አስፋልት ላይ ይጮኽብሻል" ብሎኝ ነበር። "ይጩኽ! ጦርነቱ መንገድ ቢዘጋብኝ በጭቃው አይደል የምወጣው?" ብዬ ለፒካፔ አራቱንም አስገጠምኩ። ውጊያው ረገብ ሲል እናቴን ለማየት ብቻዬን ከወልድያ ወደ ውርጌሳ ነዳሁ። መርሳን ካለፍኩ በኋላ በየመንደሩ አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም፤ አብሮኝ የነበረው የጎማው ጩኸት ብቻ ነው። አገሬው ተሰዶ አለቀ አልኩ።

እናቴ ቤት በሩ ተከፍቷል፣ ሽሮው እሳት ላይ ይንተከተካል፣ ሰው የለም። እግራቸው የማይሄድላቸው ጎረቤታችን ሸህ ሙሔ ብቻ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አንቺ ነሽ እንዴ? እኛ እኮ ታንክ መጣ ብለን!" አሉኝ።

"እናቴስ፣ አባባ?"

"ድምፁን ስትሰማ በሩጫ ማሽላው ውስጥ ገባች። እኔንም እግሬ ባይይዘኝ አታገኚኝም ነበር። አብሽሪ፣ ትወጣለች።"

ለካ መንደሩን ሁሉ ባዶ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ማሽላው ዳር ቆምኩና "እማዬ፣ እኔ ነኝ!" ብዬ ተጣራሁ። አገዳው ተንኮሻኮሸ፤ ኮሽታው ግን የታንክ ነጂ የጠራው ይመስል ወደ እኔ አልቀረበም፣ እየራቀ ሄደ።