ለሳጥኑ የተነገረ ተረት

ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። በእስቴ በተረት ዐዋቂነታቸው የታወቁት ወይዘሮ ላቀች ልጃቸውን አማረችን አዲስ አበባ ጠይቀው ሲመለሱ፣ ከጉልበታቸው ይልቅ የደከመው ልባቸው ነበር። በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ከአውቶቡስ ወርደው ድንጋይ ላይ ዐረፍ እንዳሉ፣ የድምፅ መቅጃ የተሸከመ ወጣት እጅ ነሥቶ ቀረባቸው።

«እናቴ፣ አስማረ እባላለሁ። ለልጆች የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅት ተረት እሰበስባለሁ። ወይዘሮ ላቀች የሚባሉ ያውቃሉ?»

«እኔው ነኝ። ለዚያ ሳጥን ከሆነ ግን አልሰጥም። የልጅ ልጄ ፋንቱ ተረት ስጀምርላት ፊቷን ወደሱ አዞረችብኝ። የፈረንጅ ጥንቸል ስትዘል እያየች ትስቃለች። ልጅቱን ወሰደብኝ።»

አስማረ አንገቱን ደፋ። «ጥንቸሏን የሠሯት ነጋዴዎች ናቸው። ያንኑ ፊልም ለጣሊያኑም፣ ለጃፓኑም፣ ለእኛም ይሸጡታል። ቀጥለው በመጽሐፍ፣ በዘፈን ሸክላ፣ በአሻንጉሊት ያመጧታል። እኛ የራሳችንን ስላላሰናዳን እንገዛለን። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ልጅ ከጎረቤት ቢለምን፣ ጥፋቱ የጎረቤት ነው?»

«ተረት በቀን አይነገርም፤ ከብት ያጠፋል። ደግሞስ ‹ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ› ብል፣ ሳጥን ምን ይመልስልኛል?»

አስማረ መቅጃውን ከትከሻው አውርዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። «ፀሐይ እስክትጠልቅ እንቆያለን፤ ዝግጅታችንም የሚተላለፈው ማታ ነው» አለ። «ስለ መልሱ ቃል አልሰጥዎትም። ነገር ግን እርስዎ ዝም ካሉ፣ ፋንቱ የምትመልሰው ተረት አይኖራትም።»

ይህ ቃል ወይዘሮ ላቀችን ወጋቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ በሬውን ስለ ሰደበ ገበሬ ተረቱ። «ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ» ብለው ሲያበቁ፣ አስማረ መቅጃውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን እጁን ያዙት።

«ተው፣ ልጅቱ ትመልስ።»

ቴፑ ዝምታቸውን እየቀዳ ዞረ። አስማረም ሳይቆርጠው ወሰደው።

ለፋሲካ አማረች መጣች። «እማዬ፣ ፋንቱ ድምፅሽን ስትሰማ ቴሌቪዥኑን ትታ ሬዲዮኑ ሥር ተቀመጠች። ዝም ስትዪ ሮጣ ዳቦ አመጣችና የሬዲዮኑን አፍ አበሰችው። አሁን የሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ ይሰበሰባሉ፤ የሰማ ሁሉ በተራው ይመልሳል።»

አገር የራሱን ተረት በአዲስ ዕቃ ካኖረ፣ ልጁ የሰው ደጅ አይጠናም፤ የእንግዳውንም ቢሰማ ከራሱ ጋር እያመዛዘነ ነው።

ወይዘሮ ላቀች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ለዚያ መቅጃ ለያዘው ልጅ ላኩበት» አሉ። «ሲመሽ ይምጣ።»