ሦስተኛው እጅ

ቡራዩ የታክሲ ሰልፍ ላይ ልጄን አዝዬ፣ በሁለት እጄ ዕቃ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ዞር ብለው ሲያዩኝ ቆዩና አንዱን ፌስታል ተቀብለውኝ፣ «ሦስተኛው እጅ እስካሁን አልበቀለም?» አሉኝ። ክው አልኩ። የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪዬ ናቸው! ያኔ፣ «የሰው አካል ወደፊት ምኑ የሚለወጥ ይመስላችኋል?» ብለው ሲጠይቁን ወንዶቹ ክንፍ ያወጣል አሉ፤ ጭንቅላቱ ይተልቃል ያለም ነበር። እኔ «ሦስተኛ እጅ ያበቅላል» ስል ክፍሉ አውካካ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። «ለምን?» አሉኝ። «ሁለቱ ጀሪካን ሲይዙ በሦስተኛው ታናሽ ወንድሜን አስፋልት አሻግረዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ከቦኖ ውሃ ቀድተን ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁንና ወንድሜን እጁን ይዘው ያሻግሩት ነበር።

«ያ ትንሽ ልጅስ?» አሉኝ። «አግብቶ ወልዷል፣ ቲቸር።» «ጎሽ! ስምሽ ግን ጠፋኝ፤ እርጅና ነው» አሉ አፈር ብለው። «አስቴር» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ እንደነበረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አስቴር ደምሴ!» አሉ። የሟች አባቴን ስም ከእሳቸው አፍ ስሰማ ዕንባዬ መጣ። «አቤት!» አልኩ፣ ሰልፉ መሀል ቀጥ ብዬ ቆሜ።