ቀዩ ከዶሮ ጋር

የባሌ እህት አብዮቱ በፈነዳ ዓመት ታምሜ ስተኛ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። ያንን እያብሰለሰልኩ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በላንድሮቨር ስሄድ፣ አጠገቤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ሐጂና አንድ ክርስቲያን፣ ያወራሉ።

«በጋቢ የጠቀለሉት ምንድን ነው?» አሉ ሐጂው።

«ወይን ጠጅ ነው፤ አይቀየሙኝ። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ እህል እምቢ ብላለች። ቀዩ ያስበላል አሉኝ።»

«ከምን ጋር?»

«ከዶሮ ጋር ነው አሉ። እኔ ያለኝ ግን ሽሮ ነው።»

«ሽሮ ለታመመ ሰው? እኔ ቤት ዶሮ ሞልቷል።»

«ሐጂ፣ የእናንተን እርድ እኮ…»

«አውቃለሁ። ቤትዎን ያሳዩኝ፣ ከነነፍሷ እልካለሁ። እርስዎ ባርከው ያርዷት።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጠርሙሱን ግን ይያዙልኝ እንዳይሉኝ።»

ዘንቢሌን ከመቀመጫው አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩና ለጠርሙሱ ቦታ ለቀቅኩ።