አልጋ ሥር የነበረው ሳጥን

ከስንት ዘመን ስደት በኋላ ሐዋሳ የገባሁት እንደ ልማዴ ዘግይቼ፣ ታናሽ ወንድሜ ከተቀበረ በኋላ ነው። መናኸሪያ ጀርባ ባለው ቤቱ ደጅ በተጣለው ድንኳን የሰፈር ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ። ነጥብ የሚጽፉበትን ጠንካራ ወረቀት ሳየው ደነገጥኩ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ እየለዋወጠ ያጠራቀመው፣ ከማስቲካ ጋር የሚወጣው የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ነው። አንዱንም አጥፈው የሚወዛወዘውን ጠረጴዛ እግር አስደግፈውበታል።

"ይሄን ማን ሰጣችሁ?"

"እትዬ አስቴር ናቸው፣ እማማ። ጀርባው ባዶ ነው ብለው።"

ሚስቱ አስቴር ጓዳ ነበረች። "ይሄ እኮ የወንድሜ ሀብት ነው" አልኳት። "ሰው ያየው ነገር አይበረክትም፣ ዓይን ይበላዋል እያለ ነው አልጋ ሥር በሳጥን የደበቀው። በስልክ ሌላ ወሬም አልነበረውም። 'ለሰው አሳየው፣ ሰው ካላወቀው ማን ይጠብቅልሃል?' ብለውም እምቢ አለኝ።"

"ለእርስዎ ነግሮዎት ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ የልጅነት ኮተት መስሎኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ ስተኛ ከሥሩ ምን እንዳለ አልነገረኝም። እንግዲህ የደበቀው ከእኔም ዓይን ነዋ።"

አስቴር ሳጥኑን አንስታ ወጣች። የቀሩትን ካርዶች ጎረምሶቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠቻቸው።

"እንኩ፣ ጻፉበት" አለቻቸው።