ሰባቱ ጭረቶች

ክቡራትና ክቡራን፤ ክቡር አለቃችን፤ እንዲሁም የክብሩን ልክ ገና ያልወሰንንለት መዝጋቢያችን፦

እኔን ለመሸኘት ይህን ያህል ሰው በመሰብሰቡ አመሰግናለሁ። ግማሻችሁ የመጣችሁት በእርግጥ መሄዴን በዓይናችሁ ለማየት እንደሆነ አውቃለሁ። ለብስኩቱም አመሰግናለሁ። አለቃ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ብስኩት የት ተደብቆ ነበር?

በዚህ የመሣሪያ ጥገና ቤት ሥራዬ አሮጌ ጠመንጃና ሽጉጥ ፈታትቶ ማጠብ ነበር። በትርፍ ሰዓቴ እናንተን አናድዳለሁ። አንድ ጊዜ በዛገ አፈሙዝ ላይ በምስማር አንበሳ ብሥል፣ መዝጋቢያችን የጥንት ሥዕል መስሎት ሁለት ገጽ ታሪክ ጻፈበት። «ድመት አይመስልም?» ስለው፣ «ድሮ እንዲህ ነበር የሚሣለው» አለኝ።

ያቺ ቀልድ በኋላ ዞራ መጥታ እኔኑ ነከሰችኝ።

አምና አንዲት መምህርት የሟች አባቷን ባለ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ይዛ መጣች። አባትየው የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ከእጀታው ግርጌ፣ ብረቱ ላይ፣ ሰባት ጭረት ተደርድሯል። ቀብራቸው ላይ አንድ ዘመድ «ሰባት ጭረት ማለት ሰባት ነፍስ ነው» ብሎ ሹክ ብሏታል።

«ሽጉጡን አልፈልገውም» አለችን። «ጭረቱ ምን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። ለልጄ የአያቱን ስም ነው ያወጣሁለት።»

መዝጋቢያችን በአጉሊ መነጽር አየና «የግዳይ መቁጠሪያ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ለእሷ የሚሰጠውን መልስ ረቂቅ ጻፈ። የቤታችን ደንብ ታውቃላችሁ፤ መዝጋቢ ብሎን አይፈታም፣ አጣቢ አይጽፍም። እሱ ውጭውን አየ፣ እኔ ፈታሁት። ቃታው ላይ፣ ውስጥ በተደበቀው ጎኑ፣ ሰባት ጭረት። ጥይቱን ከሚጎርሰው ከበሮ ጀርባ ሰባት። ከእንጨቱ እጀታ ውስጥ ሰባት።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ገዳይ ፉከራውን ማንም በማያየው ቦታ ሦስት ጊዜ ይጽፋል?

ደግሞ ከእያንዳንዷ ጭረት ጎን ፀጉር የምታህል ሌላ ጭረት አለች። የት ነው የማውቃት እያልኩ ስብሰለሰል፣ ጨርቅ ላወጣ መሳቢያ ስስብ ጣቴ ነገረኝ። የእኛ አሮጌ መሳቢያዎች ቁጥር የላቸውም፤ ከንፈራቸው ላይ ጭረት ነው ያለው፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። ሰባተኛውን መዝዤ ከሽጉጡ ጎን አስቀመጥኩት። ያቺ ቀጭኗ እንኳ ሳትቀር አንድ ናቸው።

መዝጋቢያችን ጋ ሮጥኩ። «አንበሳውን የሣለ እጅ ይህንንም ጭሮታል» ብሎ መለሰኝ። አልፈረድኩበትም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምነኝም። መምህርቷ ረቂቁን ልትወስድ የቀራት አንድ ቀን ነው።

የቀሩኝ ጋሼ ሞረድ ናቸው፤ ከመሳቢያዎቹ ጋር አብረው ያረጁት አንጋፋችን። «እኔ ስምንተኛን በአንደኝነት ጨርሼ» እያሉ፣ ከስድስተኛ የቀረሁትን እኔን ሲያሸማቅቁኝ የኖሩት። መሳቢያውንና ሽጉጡን ፊታቸው ሳስቀምጥ፣ መሞረድ የማያስፈልገውን ብረት ይሞርዱ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይህን ያውቁታል?»

«ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ነገ ሴትየዋን አባትሽ ነፍሰ ገዳይ ነበር ልንላት ነው።»

ሞረዱ ቆመ።

በማግስቱ ሁላችሁም ነበራችሁ። መምህርቷ እንደተቀመጠች ጋሼ ገብተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጭረቱ የእኔ ነው። ወጣት ሳለሁ አሥራ ሁለት የዘበኞች ሽጉጥ መጣልኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስፈታቸው ዕቃቸው እንዳይቀላቀልብኝ ምልክት አደረግሁ፤ ያባትሽ ሰባተኛው ነው። ቁጥር እንዳልጽፍ አላውቅም። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም።»

ጥርሷ የተሸረፈችውን አሮጌ ሞረዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት፤ ያቺን ቀጭን ጭረት የምትጭረው የተሸረፈችው ጥርስ ናት። ጭረቶቹን በጣቷ ዳበሰቻቸው።

«ተራ ቁጥር ነው በቃ?»

«ተራ ቁጥር ነው። የተበተነው ወደ ዘመዱ እንዲመለስ።»

ሰውየው በዕድሜያቸው ምን እንደሠሩ ብረት አይናገርም። እነዚያ ሰባት ጭረቶች ግን የማንም ነፍስ የለባቸውም። መዝጋቢያችን፣ ይነገርለት፣ ረቂቁን እዚያው ቀደደ። አንበሳዬን ግን እስካሁን ከመዝገብ አልሰረዘም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በጋሼ የስምንተኛ ክፍል የቀለደ የለም። እኔ እንኳ። እሳቸው ግን ጠርተው፣ «እኔ አፍሬ ቀረሁ። አንተ ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረብህም፤ ሂድና ተማር» አሉኝ። ሰኞ ሰባተኛ ክፍል እገባለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ጢም የላቸውም፤ እኔም ብዙ የለኝም፣ እንግባባለን።

አለቃ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። ወንድም እህቶቼ፣ እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ፣ ልጆቻችሁ ከእኔ የተሻለ ጠባይ ይዘው ይደጉላችሁ። መዝጋቢያችን፣ ብዕርህ አይንጠፍ፤ ብሎን መፍቻም ይጨመርልህ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ፊደሉን እኔ አስቆጥርዎታለሁ፣ የፈተና ውጤቴን የሚያነቡልኝ እርስዎ ነዎት።

በሉ አሁን ኩባያችሁን ገልብጡ። አለቃ፣ መጀመሪያ ሻዩን ይጠጡት። ግርጌው ላይ አንዲት ጭረት፣ ከጎኗም ፀጉር የምታህል ሌላ አለች። ትናንት በዚያችው በጋሼ አሮጌ ሞረድ ጫርኩላችሁ፤ ሲያውሱኝ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የእኔም ኩባያ ያቺው ጭረት አለችበት። ይዤው እሄዳለሁ።