ለሐኪሟ ያልተነገረው ክኒን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አግዳሚው ለሁላችንም ይበቃል። ወሬዬ ረጅም አይደለም፤ ግን ቤታችሁ አባት ወይም አያት ያላችሁ ሁሉ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ፋን ዴሹን የሚባል ጎረቤት አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ በወንዛችን ዳር ጀልባ ሲሠራና ሲጠግን የኖረ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ግትርነቱም የታወቀ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። የልጁ ልጅ ሹዪን በትልቁ ከተማ በሃንግዡ የመድኃኒት ቅመማ ትማራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ እሱ ዘንድ ነው የምታርፈው።

በክረምቱ ብርድ አንድ ጠዋት ጎመን ገዝቼ ስመለስ ሁለቱን የወንዙ ድልድይ ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷ ገና ከባቡር መውረዷ ነው። እሱ ደግሞ ከሀገር መድኃኒት ቤት የወጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሥርና ቅጠል አንጠልጥሏል። ቦርሳዋን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ የካፖርቱ እጅጌ ወደ ላይ ሸሸ። ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ በልዟል።

ወድቆ እንደሆነ ጠየቀችው። አልወደቅሁም፣ ማንም አልነካኝም አለ። እንዲያውም ደስ ብሎታል፤ ጠዋት ጠዋት ድዱም እንደሚደማ ነገረን፣ በሽታው ከውስጥ እየተገፋ እየወጣ ነው ብሎ። የምሥራች የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ባለፈው ጊዜ ልቡ አመታቱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚውጠው ክኒን ሰጥተውት ነበር። አሁንም እየዋጠው ነው። የሀገር መድኃኒት የሚሰጡት ሐኪም ሚያዎ ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ለምን እነግራታለሁ?» አለ ፋን። «ሐኪሟ እሷ ናት ወይስ እኔ?»

ይህ የእሱ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘንድ ብዙ ሽማግሌ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እጁን ትንሿ ትራስ ላይ አኑሮ ዝም ይላል። ሐኪሙ የደም ሥሩን ዳብሶ ሕመሙን ራሱ ከነገረው ዐዋቂ ነው፤ ከጠየቀው ግን ገና ተማሪ ነው። በሽተኛው ሐኪሙን ይፈትናል እንጂ አያማክርም።

ብርዱ ስለበረታ እነሱን ይዤ ድልድዩ ሥር ካለችው ምግብ ቤት ገባሁ፤ የሩዝ አጥሚት አዘዝን። ክርክሩ እዚያ ተነሣ።

«ሚያዎ እኮ እጄን ዳበሰች፣ ምላሴን አየች፣ ከዚያ ‹ጉልበትዎ ውስጥ ብርድ ገብቷል› አለችኝ» አለ ፋን። «ቃል አልተነፈስኩም። እናንተ ግን አንድ ጉልበት ለማየት ሰውን የራጅ ፎቶ ማንሻ መኪና ውስጥ ታስገባላችሁ።»

«ጎበዝ አይደሉም አላልኩም፣ አያቴ» አለች ሹዪን። «ጉልበትዎን በትክክል አውቀዋል። የዋጡትን ክኒን ግን በጣት ዳብሶ ማወቅ አይቻልም። ደም እንዲዘዋወር ብለው የሰጡዎት፣ እዚህ ጥቅልዎ ውስጥ ያለው ቀይ ሥር ደም ያቀጥናል። ክኒኑም ያቀጥናል። ክንድዎ የበለዘው ሁለቱ ስለተደራረቡ ይመስለኛል። ዛሬ ክንድዎ ላይ ነው፤ ነገ ጭንቅላትዎ ውስጥ ቢደማስ?»

ፋን ማንኪያውን አስቀመጠ። «የአባቶቻችንን መድኃኒት ተው ልትይኝ ነዋ። ሃንግዡ የላክንሽ ለዚህ ነው?»

«አልወጣኝም። የምማረው ግማሹ ስለነዚሁ ሥሮች ነው። ተዉት አይደለም የምልዎት፣ ይንገሯቸው ነው።»

«አባቴ ሐኪም ፊት አፉን ከፍቶ አያውቅም» አለ። «ሕመሙን የሚዘረዝር ሰው ሐኪሙን ይሰድባል። እሷን በዚህ ዕድሜዋ ‹አታውቂም› ልበላት?» ወደ እኔ ዞረ። «ላን፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ።»

እኔ እንኳ መፍረድ አልፈለግሁም። የእሱ ይሉኝታም የልጅቷም ሥጋት ይገባኛል። ከአያቷ በቀር እዚህ ከተማ ማንም የላትም። ይልቅ አጥሚታችሁ ሳይቀዘቅዝ ብሉ አልኳቸው። ሹዪን ትንሽ ቀመሰችና ሌላ ነገር አነሣች፤ ሰው የሚያፈስ ጀልባ ሲያመጣለት መጀመሪያ ምን ይጠይቅ እንደነበር አያቷን ጠየቀችው።

«የት እንደሚያፈስ አልጠይቅም» አለ ኮራ ብሎ። «ዓይን አለኝ።»

«ምንም አይጠይቁም?»

አሰበ። «በፊት በምን እንደደፈኑት እጠይቃለሁ። ሬንጅ ለቅልቀውበት ከሆነ የእኔ የዘይትና የኖራ ድፍን አይዝም። ላዩ አምሮ ይታያል፤ ወንዙ መሀል ሲደርስ ይለቃል።»

«ባለጀልባው እርስዎን ለመፈተን ብሎ ዝም ቢልስ?»

«ጅል ነዋ። የሚሰምጠው እሱ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ አቆመ። ልጅቷ ወደ አጥሚቷ ተመለሰች፤ ያንን ብልህነቷን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለረጅም ጊዜ አየው፣ ጫን አድርጎም ነካው። በመጨረሻ «አያትሽም እንዲሁ ነበረች» አለ። «በገዛ አፌ ታስረኛለች።» ተነሥቶም ኮፍያውን ደፋ።

ሦስታችንም ወደ ሐኪም ሚያዎ ሄድን። ፋን እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ስለ ክኒኑም ስለ ድዱም ተናገረ፤ በአፍረት ድምፁ ዝቅ ብሎ። ሐኪሟ አንገታቸውን ደፉ።

«ጠይቄዎት ነበር፤ ፈገግ ብለው ዝም አሉኝ» አሉት። «ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ጉልበትዎን በማወቄ ደስ አለኝና ተውኩት።»

ያንን ሥር እንዳይደግመው፣ የልቡን ክኒን ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፣ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ነገሩት። እዚያ ደሙን መረመሩና ከልኩ በላይ መቅጠኑን አገኙ። አስተኝተው ተከታተሉት። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር የሆስፒታሉ ሐኪም ለሹዪን በረንዳ ላይ ነገራት፤ እሷም እኔ ትከሻ ላይ ሆና አለቀሰች።

ዛሬ ፋን ደህና ነው። የልቡን ክኒን ሆስፒታሉ በልክ ይሰጠዋል። ሐኪም ሚያዎ የሚጠጣውን መድኃኒት ትተው የደረቀ ቅጠል አጭሰው ጉልበቱን ያሞቁለታል፤ ጠዋት ጠዋትም ወንዙ ዳር ከኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀስ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ይሠራል። አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ሐኪም ፊት ከተቀመጠ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ያለመውን ሁሉ ስለሚያወራ ወረፋ የያዝነው እናጉረመርማለን። ሐኪም ሚያዎም የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ክኒኑን በከረጢት ይዞ እንዲመጣ ያዝዛሉ፤ ዝም ያለውን ደግመው ይጠይቃሉ።

አያችሁ፣ ከሁለቱ ሕክምና አንዱን መጣል አላስፈለገም። አንዱ የሚያደርገውን ሌላው ሲያውቅ የሽማግሌው ጉልበትም ይሞቃል፣ ልቡም ይጠበቃል፣ ልጆቹም በሰላም ያድራሉ። እናንተም ወላጆቻችሁን ወደ ሐኪም ስትወስዱ ቃሌን አትርሱብኝ፤ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት የሚውጡትን ሁሉ እንዲናገሩ በፍቅር አስታውሷቸው።